ባለሜዳ ማን ነው?

በ2015 ዓ.ም ለገጣፎ ለገዳዲ በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ተጫውቷል። ብዙዎቻችሁ ረስታችሁታል፣ አልፈርድባችሁም። እኛ የሰፈሩ ልጆች ራሳችን አንዳንዴ እውነት ነበር ወይስ ህልም እንባባላለን። ቡድኑ ከከፍተኛ ሊግ አደገ፣ 30 ጨዋታ ተጫወተ፣ ወረደ። ከ30ው ውስጥ ከተማችን ላይ የተደረገ አንድም ጨዋታ የለም። አንድም!

አዲስ አበባ ለገዳዲን የሚያውቀው በውሃው ነው። ግድቡ እኛ ጋ ነው፣ ቧንቧው ወደ እናንተ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ኳሳችንም በቧንቧ ሄደ። ልዩነቱ፣ ውሃው ቢያንስ መንገድ ላይ ሰፈራችንን ያያል።

ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስታውሳችሁ። 2012 ላይ ኮሮና ሊጉን አቋረጠው፣ ዋንጫም ሳይሰጥ ቀረ። 2013 ላይ ሲመለስ ሁሉም ክለቦች አንድ ከተማ ተሰብስበው ለሳምንታት እንዲጫወቱ፣ ከዚያ ተጠቅልለው ወደ ሌላ ከተማ እንዲሄዱ ተደረገ። በዚያው ሰሞን ዲኤስቲቪ የአምስት ዓመት የስርጭት ውል ይዞ መጣ፤ 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሆነ ተነገረን፣ አጨበጨብን። ካሜራውን በየከተማው ከማንከራተት ሁሉም ቡድን ካሜራው ወዳለበት ቢመጣ እንደሚቀል ይገባኛል። ለበሽታውም ልክ ነበር። ግን በሽታው ሄደ፣ አሰራሩ ቀረ።

እኔ ኑሮዬ ኮድ መጻፍ ነው። በሙያችን ከሁሉም የምፈራው «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ የተጻፈ ኮድ ነው። ሌሊት ሲስተሙ ሲወድቅ አንዱ ተነስቶ የሆነ ነገር ይለጥፍበታል፣ «ሰኞ እናስተካክለዋለን» ይላል። ሰኞ ሲመጣ ሲስተሙ እየሰራ ነው፤ እየሰራ ያለ ነገር ማን ይነካል? ዓመት ሲሞላው ሌሎች ነገሮች በላዩ ላይ ይገነባሉ፣ ከዚያ ያ ልጣፍ ራሱ ሲስተሙ ይሆናል። ሊጋችን ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ሰኞ አልመጣም።

አሁን የ2015ን የውድድር ዘመን ተመልከቱት። 16 ክለቦች ነበሩ። ባህር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማና ሀዋሳ አስተናገዱ። አራቱም ከተሞች ሊጉ ውስጥ የራሳቸው ክለብ አላቸው፣ ሀዋሳማ ሲዳማ ቡናን ጨምራ ሁለት አላት። ስለዚህ አምስት ክለቦች የዓመቱን የተወሰነ ክፍል በገዛ ደጋፊያቸው ፊት ተጫወቱ፣ አስራ አንዱ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆነው ከረሙ። የወረዱት ሦስቱ ለገጣፎ ለገዳዲ፣ አርባ ምንጭ ከተማና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ናቸው። ሦስቱም ከአስራ አንዱ ውስጥ ናቸው። ይሄ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም ከአስራ አንዱ አንዱ ሆኖ ነው ዋንጫውን ያነሳው። በዚያ ላይ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ ደካማ ነበርን። ሜዳ ቢኖረንም ልንወርድ እንችል ነበር። እኔ የምለው፣ እስቲ እዚሁ ፊታችን እንውረድ!

አንዴ አዳማ ሄጄ ነበር። የሥራ ቀን ስለነበር ከቢሮ «ቤተሰብ ታሞብኝ» ብዬ ነው ያስፈቀድኩት፣ ውሸቴንም አልነበረም ማለት ይቻላል። ስታዲየም ስደርስ የኛ ደጋፊ ተሰብስቦ አንድ ሚኒባስ ቢሞላ ነው። በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳው እኛ ነን። ከጎኔ የተቀመጡት የአዳማ ሽማግሌ የትኛው ቡድን ለገጣፎ እንደሆነ ጠየቁኝ፣ አሳየኋቸው። «ታዲያ ባለሜዳ ከሆናችሁ ሰዎቻችሁ የታሉ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስ? «አባቴ፣ ሰዎቻችን ሥራ ላይ ናቸው» አልኳቸው። ሳቁ። ተሸነፍን፣ ማታ ተመለስኩ።

የቀሩትን ጨዋታዎች ያየሁት ሰፈር ዲኤስቲቪ ቤት ነው። እዚያም አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ገንዘባችንን ከፍለን ገብተናል፣ ለገጣፎ እየተጫወተ ነው፣ ሁለተኛው አጋማሽ ተጀምሯል። የቤቱ ባለቤት መጥቶ ቻናሉን ቀየረው፤ የእንግሊዝ ጨዋታ ሊጀምር ነው፣ ደጅ ሰልፍ አለ። ጮህን። «ወንድሞቼ፣ ስድስት ሰው ናችሁ፣ እኔም ኪራይ አለብኝ» አለን። በልቤ ተናደድኩበት እንጂ ስህተቱ የሱ አልነበረም። ያ ደጅ የተሰለፈ ልጅ የለገጣፎን ተጫዋች መንገድ ላይ አግኝቶት አያውቅም። ልምምድ ሲሰራ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ አላየውም። ከጨዋታ በኋላ ታላቅ ወንድሙ እየዘፈነ ወደ ቤት ሲመለስ አልሰማም። ለሱ ለገጣፎም ማንቸስተርም እኩል ሩቅ ናቸው፣ ሁለቱም ስክሪን ውስጥ ናቸው፤ ማንቸስተር ደግሞ የተሻለ ይጫወታል። ልጁ የመረጠው ትክክል ነው!

ጸጥታስ? ትሉኛላችሁ። ይሄን አቅልዬ አላየውም። በ2010ና በ2011 ስታዲየሞቻችን ውስጥ የብሔር ስድብና ድንጋይ ሲወረወር ሁላችንም አይተናል፤ የአማራና የትግራይ ክለቦች ጨዋታ ገለልተኛ ሜዳ ላይ እንዲካሄድ እስከመደረግ ተደርሷል። በኋላ ደግሞ ከኳስ በላይ የሆነ ጦርነት መጣ። ጨዋታ ማድረግ የማይቻልባቸው ከተሞች ዛሬም ይኖራሉ፣ እዚያ ይቅር። ግን አንድ ከተማ ችግር ስላለበት ሁሉንም ከተሞች እንደ ተጠርጣሪ መያዝ ምን ይባላል? ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ ምን አጠፉ? የኛ ከተማ ምን አጠፋች? ሞክራችሁን እንኳን አታውቁም እኮ።

ቀጥሎ «ስታዲየም የላችሁም» ይባላል። እውነት ነው። ካፍ የባህር ዳርን ስታዲየም ሳይቀር አግዶት ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳውን» ጨዋታ ሰው አገር ሲጫወት ቆይቷል፤ ስለዚህ የስታዲየም ነገር የለገጣፎ ብቻ ችግር አይደለም። ግን ለኢትዮጵያ ሊግ ጨዋታ የካፍ መስፈርት አያስፈልግም። ሳር፣ አጥር፣ የመልበሻ ክፍል፣ አምቡላንስ የሚገባበት በር። ትንሽ ከተማ ይሄን የሚሰራው ደግሞ ጨዋታ ይመጣል ብሎ ሲያስብ ነው። እንደማይመጣ እያወቀ የትኛው ከንቲባ ነው ሜዳ ላይ ብር የሚያፈሰው?

ከዚያ ወዲህ ዋንጫውን እነማን እንደወሰዱ አስተውላችኋል? 2010 ጅማ አባ ጅፋር፣ 2011 መቐለ 70 እንደርታ፣ 2013 ፋሲል ከነማ። ሦስቱም የከተማ ክለቦች፣ ሦስቱም ለመጀመሪያ ጊዜ። (ፋሲል የወሰደው በዚሁ አሰራር የመጀመሪያ ዓመት ነው፣ አልደብቅም፤ ያ ቡድን ግን ከዚያ በፊት ጎንደር ላይ በሞላ ስታዲየም ያደገ ቡድን ነው።) ጊዮርጊስ ሁለቱን ዓመት ወሰደ። ከዚያ 2016 ላይ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ያውም ባደገበት ዓመት። 2017 ላይ ኢትዮጵያ መድን። ባንክና ኢንሹራንስ! ኳሳቸው ጥሩ ነበር፣ ዋንጫውም ይገባቸዋል። ግን ደጋፊ ኖረ አልኖረ ደመወዝ የሚከፍል ተቋም ለዚህ አሰራር ተስማሚ ነው። የከተማ ክለብ የሚኖረው በሰው ነው፤ ከንቲባው በጀት የሚፈቅደው ሰው ስለሚጮህበት ነው፣ ነጋዴው የሚያዋጣው ስታዲየም ስሙ ስለሚጠራ ነው። ሰውየውን ከሜዳው አርቃችሁ ሆቴል ለወራት ክፈሉ ስትሉት ስንት ዓመት ይዘልቃል? ጎረቤታችን ሰበታ ከተማ በ2014 ወረደ፣ እኛ በሱ ዓመት ተተካን፣ በዓመቱ እኛም ወረድን። አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ሁለት ክለቦች በሁለት ዓመት።

አሁን ለገጣፎም ሰበታም ሸገር ከተማ ተብለው ተጠቃለዋል። ነገ ከነገ ወዲያ ከዚህ አካባቢ ሌላ ቡድን ያድግ ይሆናል። እኔ ተአምር አልጠይቅም። ሊጉ አንድ ቦታ መሰብሰቡን ባንዴ ማቆም ካልቻለ፣ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት አምስት ጨዋታ በገዛ ከተማው ያድርግ፤ ሜዳ የሌለው ከተማው አጠገብ ባለ ሜዳ ይጫወት። ከስርጭቱ ብር ላይ ትንሽ ተቆርጣ ለአጥርና ለሳር ትዋል። ጨዋታው ከሰዓት በኋላ በሥራ ቀን ሳይሆን እሁድ ይሁን። ካሜራው አንድ ብቻ ቢሆንም ግድ የለንም፣ እኛ እዚያው ነን።

ይሄም ካልተቻለ ቢያንስ አንድ ነገር አርሙ፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፣ ከፈለጋችሁ እኔ በነጻ እሰራላችኋለሁ። መርሐ ግብሩ ላይ «ባለሜዳ» የሚለውን ዓምድ አጥፉት።