አድራሻችን የራሳችን ይሁን



አንድ ወንድማችን የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ እንደ ተመረቀ፣ ዩኒቨርሲቲው የሰጠው ኢሜይል በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋበት። ለስፔሻላይዜሽን ያመለከተባቸው ሆስፒታሎች መልስ የሚልኩት ግን በዚያው አድራሻ ነበር። የሱ ዕጣ ነገ የኛም ነው።

ስለዚህ የራስ ዶሜይን መግዛት ቅንጦት አይደለም እላለሁ። ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ኩባንያ ቢከፋ፣ ኤም ኤክስ የተባለውን መዝገብ ወደ ሌላ ማዞር ነው፤ አድራሻው አይለወጥም።

ታዲያ ከስኮላርሺፕ አበላችን ስንት ይከፈል? ታላላቆቹ ኩባንያዎች በየሰው በየወሩ ያስከፍላሉ። እንደ ሚጋዱ ያሉት ግን የሚያስቡት በሳጥን ቁጥር ሳይሆን በደብዳቤው ብዛት ነው። ስለዚህ አራት አምስት ሆኖ መዋጣት ይቻላል። ሆኖም አስተዳዳሪው የሁሉንም የይለፍ ቃል ሊለውጥ ስለሚችል፣ ከማያምኑት ጋር መዋጣት አይገባም።

«በነፃ» የሚለው ቃልም አያታልለን። ጉግል ለራስ ዶሜይን በነፃ ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዲስ ገቢዎች ዘግቷል። ዛሬም በነፃ የሚሰጡ አሉ፤ ነገር ግን ከመግባታችሁ በፊት አይማፕ መፍቀዳቸውን አረጋግጡ። ያለዚያ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ወደ ሌላ ማጋዝ ጭንቅ ነው።

ሰርቨር ራሴ ላቁም ለሚለው ደግሞ መልሴ አጭር ነው፦ የፈተና ሌሊትህን አታባክን።

በመጨረሻም ሁለት አደራ። ዶሜይኑን በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል አታስመዝግቡ። የዓመቱንም ክፍያ አትርሱ፤ ጊዜው ካለፈ ሌላ ሰው ይገዛውና ደብዳቤያችሁን እሱ ይቀበላል።