ከአዳማ ስንመለስ ባቱ እንደር

ሾኔ ውስጥ የደጋፊ መኪና የሚያስተባብር ሰው ስም ይመዘግባል፣ ብር ይሰበስባል፣ ከኮስተር ባለቤት ጋር ኮንትራት ይዋዋላል፣ የወሰደውን ሰው ቆጥሮ ይመልሳል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ቀን ቀን የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ፤ ሀዲያ ሆሳዕና ሲጫወት ግን ሱቁን ለእህቴ ልጅ ትቼ የመኪናው አለቃ እሆናለሁ። በዚህች ሥልጣኔ አንድ ነገር ልሟገት፦ አዳማ ላይ ጨዋታ ካየን በኋላ በሌሊት ወደ ሾኔ መብረሩን እንተው። ባቱ እንደር፣ ጠዋት በጀልባ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች እንሻገር፣ ከዚያ በፀሐይ ቤታችን እንግባ።

መንገደኛ ያደረገን ሊጉ ራሱ ነው። ኮሮና ካቋረጠው የ2012 ውድድር በኋላ፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ፕሪምየር ሊጉ ክለቦቹን አንድ ከተማ ላይ ሰብስቦ ማጫወት ጀመረ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ፣ በኋላም አዳማ። ሆሳዕና ያለው አብዮ ኤርሳሞ ስታዲየም ጠዋት ወጥተን ማታ የምንገባበት ነበር። አሁን "ባለሜዳ" ተብለን ስማችን በመጀመሪያ የሚጻፍበት ጨዋታ እንኳ የሚደረገው በሰው አገር ነው። ብዙው ደጋፊ ቤቱ ቁጭ ብሎ በዲኤስቲቪ ማየቱን መረጠ፤ አልፈርድበትም። ነብሮቹን፣ ቡድናችንን፣ በዓይኔ ካላየሁ የሚለው ግን ዛሬም ስሙን ያስመዘግባል።

መንገዱን ለማያውቅ ልንገር። ከሾኔ ሐላባ ቁሊቶ፣ ከዚያ ሻሸመኔ፣ አርሲ ነገሌ፣ ላንጋኖን በስተቀኝ ትቶ ቡልቡላ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ባቱ፣ መቂ፣ ሞጆ፣ አዳማ። ሲኬድ ቀን ነው፤ ዘፈን ነው፤ ማንም አይደክመውም። ጉዱ መመለሻው ላይ ነው። የምሽት ጨዋታ ከሆነ ከስታዲየሙ ስንወጣ ሁሉም ይርበዋል፤ ጥብስ እስኪበላ፣ የጠፋው ሰው እስኪፈለግ ድረስ ሌሊት ይሆናል። ከባቱ በኋላ መኪናው ውስጥ የሚሰማው ማንኮራፋት ብቻ ነው። ያኔ እኔ ከሾፌሩ ጎን አንድ ወሬኛ እመድባለሁ፤ ሥራው እስከ ሾኔ ድረስ ዝም አለማለት ነው። ሻሸመኔን አልፈን ወደ ሐላባ ስንታጠፍ መብራት የሌለው የአህያ ጋሪ አለ፤ የተበላሸ አይሱዙ መሀል መንገድ ላይ አለ። ማስጠንቀቂያው ከኋላው የተጣለ የዛፍ ቅርንጫፍ ነው፤ ሾፌሩ ቅጠሉን ካየ አየ፣ ካላየ ከመኪናው ጋር ይገናኛል። ወሬኛውን ራሱን እንቅልፍ የወሰደበት ሌሊትም ነበር። የአዳር ነገር የሚታሰበኝ መጀመሪያ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሽርሽሩ ሁለተኛ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልምጣ፤ "ገንዘብ ከየት ይመጣል?" የሚለው ጥያቄ ቀድሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁለተኛው ቀን በነፃ ነው አልልም። የመኪናው ባለቤት የተጨማሪ ቀን ይጠይቃል፣ ሾፌሩና ረዳቱ ውሎ አበል አላቸው፣ አልጋ አለ፣ ጀልባ አለ። ዋናው ወጪ ግን ነዳጅ ነው፤ እሱ ደግሞ አድረንም ሳናድርም ያው ነው። ወደ ባቱ ለመድረስ አንድ ኪሎ ሜትር አንጨምርም። ስንሄድም ስንመለስም መሀሉን ሰንጥቀን የምናልፈው ከተማ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ ከዋናው መንገድ በባጃጅ የሚደረስበት ነው። ከዚህ ሁሉ የሾኔ ደጋፊ መካከል ዝዋይ ሐይቅ ላይ የወጣ ስንት ሰው እንዳለ አንዴ መኪና ውስጥ ጠይቄ ነበር። አሳ በልቻለሁ ያለ ሞልቷል።

ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ያለበት። በትውፊት እንደሚነገረው ዮዲት አክሱምን ስታጠፋ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የሸሹ ካህናት እዚህ ደሴት ላይ 70 ዓመት አኑረዋታል። ጥንታዊ የብራና መጻሕፍትም አሉ። የደሴቶቹ ሰዎች ዛዮች ናቸው፤ ከብዙ ዘመን ጀምሮ በአሳና በእርሻ የኖሩ፤ ዛሬ አብዛኞቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወጥተው ይኖራሉ። እኔን በጣም የገረመኝ ቋንቋቸው ነው። ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር ይዛመዳል። ወራቤ ገበያ የዋለ ነጋዴ ጆሮውን ቢጥል አንዳንድ ቃል ሳይገባው አይቀርም። ጎረቤቶቻችን ስልጤዎች መሀል ሐይቅ ላይ ዘመድ አላቸው፤ እኛ ደግሞ በዚያ በኩል እየዘፈንን እናልፋለን።

"እኛ ጴንጤዎች ነን፣ ገዳም ምን እናደርጋለን?" ያለኝ ሰው አለ። ወንድሜ፣ ማንም ስገድ አላለህም። አባ ኮዳው ከአሳ አስጋሪው እግር ሥር አንጀት ሲጠብቅ ለማየት፣ ጉማሬ ከውኃ ራሱን ሲያወጣ ለማየት ሃይማኖት አይጠየቅም። ለታሪኩም ቢሆን የአገር ታሪክ ነው።

ኳስና ደሴትን ማጣመር አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካኖች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ዘመናቸውን እንዲህ ነው የሚከፍቱት። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 23 ቀን 1982 በአገሩ አንደኛ የነበረው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከጃፓን ሲመለስ ሃዋይ ላይ አረፍ አለ፤ እግረ መንገዱን ቻሚናድ ከምትባል ትንሽ የሆኖሉሉ ኮሌጅ ጋር ተጫወተና 77 ለ 72 ተሸነፈ። ረጅሙ ኮከባቸው ራልፍ ሳምፕሰን እያለ! ያ ወሬ ዓለምን ካዳረሰ በኋላ በ1984 በማዊ ደሴት ዓመታዊ ውድድር ተጀመረ። የሚጫወቱበት የላሃይና አዳራሽ 2,400 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው፤ ከዋናው ምድር የሚመጣው ደጋፊ ግን ትኬቱንና ሆቴሉን አንድ ላይ ገዝቶ ሳምንቱን ባሕር ዳር ያሳልፋል። ነሐሴ 2023 ላይ ላሃይና በእሳት ስትወድም የዚያ ዓመቱ ውድድር ወደ ሆኖሉሉ ዞረ፤ በዓመቱ ተመለሰ። በባሃማስም ከ2011 ጀምሮ የሆቴል ድግስ አዳራሽ ውስጥ ሜዳ አንጥፈው ያጫውታሉ። ሀብታም ስለሆኑ ነው ትሉኛላችሁ፤ ልክ ናችሁ። እኔ የምቀናው በሆቴላቸው አይደለም። ትኬት፣ አልጋና መጓጓዣ አንድ ላይ ተስማምተው በአንድ ዋጋ በመሸጣቸው ነው። ይሄ ሀብት አይጠይቅም፤ ሦስት ስልክ መደወል ይበቃዋል።

ሌላም ጥቅም አለው። የኛ መኪና ወንድ ብቻ ነው። አዳር ያለው ጉዞ እያሰብኩ ነው ብዬ ሰፈር ውስጥ ወሬ ሳስነሣ መጀመሪያ የመጡት ሴቶች ናቸው። አንዷ የትምህርት ቤት መምህርት "ኳሱንም አያለሁ፣ ለልጆቼም ደሴት አሳያለሁ፤ ለሌሊት ጉዞ ግን አልወጣም" አለችኝ። ልክ ናት። ልጅ የያዘ ሰው ሲኖር ደግሞ መኪናው ውስጥ የሚዘፈነው ዘፈን እንኳ ይሻሻላል፤ የኛን አንዳንድ ግጥሞች የሰማ ያውቀዋል።

"ብንሸነፍስ? ማን ጀልባ ላይ ወጥቶ ይስቃል?" ይህን የሚጠይቁት ጎረምሶቹ ናቸው። ተሸንፎ አምስትና ስድስት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ዳኛ ሲሰድቡ ከማደር ተሸንፎ ትኩስ የአሳ ሾርባ መጠጣት ይሻላል።

የሚያስቸግር ነገር የለም አልልም። የጨዋታ ሰዓት የሚወጣው ቤቱ ሆኖ ለሚያየው ተመልካች ታስቦ ነው፤ መንገደኛ ደጋፊም እንዳለ ታስቦ መርሐ ግብሩ ቀደም ብሎ ቢታወቅ አልጋ መያዝ ይቻላል። ሁለተኛው ነፋሱ ነው። ዝዋይ ሰፊ ቢሆንም በጣም ጥልቅ የሆነው ቦታው እንኳ 9 ሜትር ገደማ ነው፤ እንዲህ ያለ ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ነፋሱ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ስለዚህ ከቁርስ በፊት መውጣት፣ ሳይረፍድ መመለስ ነው። ቱሉ ጉዶ ሩቅ ነው፤ ልጆች ካሉ ደብረ ሲና ይበቃል። የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም ካልደረሰ አንድም ሰው አይሳፈርም። የጀልባውም ዋጋ የሚቆረጠው ወደቡ ላይ፣ ደርሶ መልስ ተብሎ፣ በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ደሴቱ ላይ ሆኖ ስለ መመለሻ ዋጋ መከራከር የሚያዋጣ ነገር አይደለም።

ሊጉ ባሕር ዳር በነበረበት ጊዜ ስለ ጣናም ይሄንኑ ብያለሁ፤ ያ ግን ለኛ ሩቅ ነበር፤ የሄደውም ጥቂት ሰው ነው። ባቱ ደጃችን ነው። የሚቀጥለው የአዳማ ጨዋታ ሲታወቅ ሱቄ ውስጥ ሁለት መዝገብ ይኖራል፤ አንዱ ደርሶ መልስ፣ አንዱ አዳር። የአዳሩ ሃያ ሰው ካገኘ መኪናው ያድራል። ብሩ ቀድሞ ይከፈላል፤ በቃል የሚመዘገብ ሰው አልቀበልም።