የእንቁጣጣሽ ሥዕልና የክፍል ጓደኛ

አዲሱ ዓመት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ሌጋሲዮን ጀምሮ እስከ ኮተቤ ባሉት ሰፈሮች ብዙ ሕፃናት አንድ ሥራ ይዘው ይቀመጣሉ። ሥራቸውም ከደብተር ወረቀት ገንጥለው፤ እርሳስና ባለቀለም እስክርቢቶ ሰብስበው፤ አበባ፤ ፀሐይና ክንፉን የዘረጋ መልአክ መሣል ነው። በበዓሉ ሴቶች ልጆች ዐደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ ሲሉ፤ ወንዶቹ ደግሞ መስከረም 1 ቀን ጧት ሥዕላቸውን ይዘው ከደጅ ደጅ እየዞሩ «እንኳን አደረሳችሁ» ይላሉ። የቤቱም ባለቤት ሥዕሉን ተቀብሎ ገንዘብ ይሰጣል። የእንቁጣጣሽ ሥዕል የምንለው ይኸው ነው።

ይህ መልካም ልማድ ግን እየተለወጠ መምጣቱን ማንም ልብ ሊለው ይችላል። የመልአኩ ሥዕል በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ ይሸጣል፤ ልጁም የሚያደርገው ቢኖር ቀለም መቀባት ብቻ ነው፤ የታተመ ካርድ ገዝቶ የሚዞር ከሆነ ደግሞ ያችንም አያደርግ። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሠዓሊ መሆኑ ቀርቶ ተሸካሚ ሆነ ማለት ነው። ቢሆንም ሕፃናቱን ለመውቀስ አንቸኩልም። በብዙ ቤት በእንቁጣጣሽ የተሰበሰበችው ገንዘብ ለመስከረም ደብተርና እርሳስ መግዣ ትሆናለች፤ ይህም የሚያስመሰግን እንጂ የሚያሳፍር አይደለም። ወቀሳው የሚገባው ወረቀቱን ሳያይ ሳንቲሙን ለሚሰጥ ትልቅ ሰው ነው። ልጁ ሁለት ቀን የደከመበትን ሥዕል ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ በሩን የሚዘጋ ሰው፤ ስጦታ ይዞ የመጣውን ልጅ ለማኝ አድርጎ ይመልሰዋል። በሚመጣውም ዓመት ልጁ ፎቶ ኮፒውን ቢመርጥ ምን ይፈረድበታል?

ስለዚህ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ሥዕሉ ለጎረቤት መሰጠቱ ሳይቀር፤ አንዱ ግን ገንዘብ ለማይከፍል ሰው፤ ይኸውም ለክፍል ጓደኛ ቢሠራ እንላለን። ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ስለሆነ ጊዜውም የተመቸ ነው።

በሌላ አገር ይህን የመሰለ ልማድ አለ። በአሜሪካ በየዓመቱ የካቲት 7 ቀን ገደማ በሚውለው የቫለንታይን ቀን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቀይ ወረቀት የልብ ቅርጽ እየቀደዱ ለክፍል ጓደኞቻቸው ይሰጣሉ። እዚያም ቢሆን ገበያው ሳይገባበት አልቀረም። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በማሳቹሴትስ የምትኖር ኤስተር ሃውላንድ የምትባል ሴት ዳንቴል መሰል ወረቀት እያስለጠፈች እንዲህ ያለውን ካርድ ለሽያጭ ታሠራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የፋብሪካው ካርድ በረከተ። እኛን የሳበን ግን በዓሉ አይደለም፤ እኛ የራሳችን አለን። የሳበን ብዙ አስተማሪዎች የሚያጸኑት አንድ ደንብ ነው፤ ካርድ ያመጣ ልጅ ለሁሉም ያምጣ ይላል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ምርጫው ለልጆች ከተተወ አንዱ ሃያ ካርድ ሲቀበል ሌላው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ባዶ እጁን የሚቀረውም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ የመጣው ወይም ልብሱ ያረጀው ነው።

እኛ ዘንድ ሃምሳና ስድሳ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል አንዱ ልጅ ለሁሉ ይሣል ማለት አይቻልም፤ ወረቀቱስ ከየት ይመጣል? ይልቁንስ አስተማሪው የተማሪዎቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ዕጣ ቢያወጣ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ሥዕል ሠርቶ አንድ ሥዕል ይቀበላል፤ የሚቀርም የለም። ወንዱም ሴቷም ይሥሉ፤ ሴት ልጅ አበባ እንጂ ሥዕል አታዞርም የሚለው የሰፈር ልማድ ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም። ደግሞ በአንድ አግዳሚ ወንበር የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ አብሮ ስለሚቀመጥ፤ መልአክ ሣሉ ተብሎ ትእዛዝ አይሰጥ። ዘመን መለወጫ የሁሉ ነው፤ አበባ፤ ወፍ፤ ፀሐይ፤ የወደደውን ይሣል።

አሁን ነገራችን ወደ ተማሪዎችና ወደ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ይመለሳል። አብዛኞቻችሁ በቤታችሁ ታናሽ ወንድም ወይም እኅት፤ አለዚያም የጎረቤት ልጅ አላችሁ። ልርዳህ ብሎ እርሳሱን ከልጁ እጅ መቀማት የትልልቆች ሁሉ ጠባይ ነው፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የመልአኩ ክንፍ ቢንጋደድ፤ ዐይኑም ከጆሮው ቢበልጥ ምንም አይደለም። ልጁን መርዳት የምትፈልጉ ከሆነ ወደ አበባው ውሰዱት። ዐደይ መፈንዳት ሲጀምር በአንዱ እሑድ ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ኮረብታ፤ ወይም በፈረንሳይ በኩል ወደ እንጦጦ ውጡና ባሕር ዛፉ ባልሸፈነው ሜዳ ተቀመጡ። አንዲት ዐደይ ስጡትና «የአበባዋ ቅጠል ስንት ነው? መካከሉ ምን ይመስላል?» ብላችሁ ጠይቁት። ቆጥሮ የሣላት አበባ ከፎቶ ኮፒው አበባ ጋር አትመሳሰልም፤ የማንም ሳትሆን የሱ ናት።

ነገሩን የሚያስገርም የሚያደርገው ደግሞ ቦታው ራሱ ነው። አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን በእንጦጦ አድርገው ሳለ እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ሜዳ ወርደው፤ በ1879 ዓ.ም. ገደማ አዲሱን ከተማ በአበባ ስም ጠሩት። በዚህች ከተማ፤ ያውም በእንጦጦ ሥር የሚያድግ ልጅ የአበባን መልክ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሊገዛ አይገባውም ነበር።

ወጪው እምብዛም አያሳስብም። በየመሥሪያ ቤቱ ባንድ ፊቱ ብቻ ታትሞ የሚጣለው ወረቀት ስንት ነው! ምስጢር የሌለበትን መርጣችሁ፤ አለቃችሁንም አስፈቅዳችሁ ለልጆቹ ብትወስዱላቸው ጀርባው ንጹሕ ነው። የብስኩት ካርቶን ለሁለት ሲታጠፍ ጥሩ ካርድ ይወጣዋል። ለሙጫ ዱቄት በውኃ አፍልቶ ማቅጠን ይበቃል። ቢጫ ቀለም ያጣ ልጅ ዐደይዋን ወረቀቱ ላይ ይሻት፤ አረንጓዴውንም ከለምለም ቅጠል ያገኛል። ሥራው በጳጉሜን ቢጀመር ለበዓሉም ለትምህርት ቤቱም ይደርሳል፤ ዕጣው እስኪወጣም የተቀባዩ ቦታ ክፍት ይቆይ። ዕጣው ከወጣ በኋላ ልጁ በጀርባው የጓደኛውንና የራሱን ስም በገዛ እጁ ይጻፍ፤ ገና መጻፍ ያልቻለ እንደ ሆነ የመጀመሪያዋን ፊደል እሱ ይጻፋት፤ የቀሩትን እናንተ ጨምሩለት።