እህል እምቢ ያለችውን ልጅ ስለ መርዳት

የሰው ኑሮ በእህልና በውኃ የቆመ መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የማያውቀው የለም። ስለዚህ እህል በቤት ሳለ አልበላም የምትል ልጅ በተገኘች ጊዜ ቤተ ሰቡ ይደነግጣል፤ ድንጋጤውም ቶሎ ወደ ቁጣ ይለወጣል። አንዱ ጥጋብ ነው ይላል፤ ሁለተኛው መንፈስ ይዟታል ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትሩፋት መስሎት ያመሰግናታል። ሦስቱ በሚከራከሩበት ጊዜ ልጅቱ እየመነመነች ትሄዳለች። የዛሬው ጽሑፋችን አሳብ፥ ይህች ልጅ ከመፈረድ አስቀድሞ መመርመር የሚገባት ሕመምተኛ መሆንዋን ለማስታወቅ ነው።

ሕመሙ በሕክምና መጻሕፍት ስም ካገኘ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ገል በ1874 (ይህና ከዚህ በታች የሚጠሩት የውጭ አገር ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አኖሬክሲያ ኔርቮዛ ብሎ ጠራው። ጄራልድ ራስል የተባለው ሐኪም ደግሞ በ1979 በሎንዶን ሳለ፥ ቡሊሚያ የሚባለውን፥ ይኸውም ያለ ልክ በልቶ መልሶ በግድ ማስወጣትን፥ ለብቻው ለይቶ ገለጠ። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች መካከል ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ስለ ሆነ፥ እንደ ልጅ ኩርፊያ ተቆጥሮ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

በዚህ ሕመም ምርምርና ሕክምና ላይ ዕድሜያቸውን ካዋሉት አንዱ ዴቪድ ጋርነር ነው። ጋርነር ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነው፤ ይኸውም መድኃኒት በማዘዝ ሳይሆን የሰውን አሳብና ጠባይ በመመርመር፥ በንግግርና በምክር የሚያክም ባለሙያ ማለት ነው። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ከሐኪሙ ከፖል ጋርፊንክል ጋራ ሆኖ፥ ሰው ስለ ምግብ ያለውን አሳብ የሚመረምር የጥያቄ ዝርዝር በ1979 አወጣ፤ በ1982ም ዝርዝሩ ወደ 26 ጥያቄ አጠረ። 20 ነጥብና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው ወደ ባለሙያ ቀርቦ እንዲታይ ይመከራል እንጂ ታሟል ተብሎ አይፈረድበትም። እነዚሁ ሰዎች በ1980 ባወጡት ጥናት፥ መቅጠን እንደ ግዴታ በሚቆጠርባቸው በዳንስና በሞዴልነት ተማሪዎች ዘንድ ሕመሙ በርክቶ እንደሚገኝ አሳይተዋል።

ጋርነር ለሕመምተኞቹና ለወላጆቻቸው የሚያስተምረው አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በ1944 እና በ1945 በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኞች ጎልማሶች ወደው ፈቅደው ለ6 ወር ያህል ምግባቸው ተቀነሰ። የክብደታቸው ሩብ ያህል በጎደለ ጊዜ አሳባቸው ሁሉ ምግብ ሆነ፤ ቀልድና ጨዋታ ጠፋባቸው፤ ተቆጡ፤ አዘኑ፤ ከባልንጀራ ራቁ። ጤነኛ የነበረውን አእምሮ ያወከው ረኃብ ብቻ ነበር። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። አንደኛው፥ የከሳች ልጅ ቁጣና ኩርፊያ ከጠባይዋ ሳይሆን ከረኃቡ ሊሆን ይችላልና አትሰደብ። ሁለተኛው፥ ሥጋዋ ሳይመገብ ምክር ብቻውን አያድናትም።

ምናልባት አንድ አንባቢ፥ ይህ የጠገበ አገር ሕመም ነው፤ እህል ለሚያጥረው ሕዝባችን ምን ይጠቅመዋል? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ምስክሮች አሉብን። በፊጂ ደሴት ወፍራም ገላ በሚመሰገንበት በናድሮጋ አውራጃ ቴሌቪዥን በ1995 ገባ። አን ቤከር የተባለችው ሊቅ ተማሪ ልጃገረዶችን በዚያው ዓመትና በ1998 በጋርነር ጥያቄ ብትመረምር፥ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 12.7 ወደ 29.2 ወጥተው ተገኙ። ዛሬ በየተራራው በልጆች እጅ ያለው ስልክ ከዚያ ቴሌቪዥን የሚበልጥ ሥዕል ያሳያል።

ሁለተኛው ምስክር ወደ እኛ ኑሮ ይልቁን ይቀርባል። በ2004 በታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና 668 ሴቶች ተማሪዎች ተመርምረው፥ ሆን ብለው ራሳቸውን በማስራብ የከሱ 10 ተገኙ። እነዚህ ልጆች መወፈርን ፈርተው አልነበረም፤ ረኃባቸውን እንደ ሃይማኖት ሥራና ራስን እንደ መግዛት ይቆጥሩት ነበር እንጂ። እንግዲህ ጾም በጸናበት በአገራችን የውጭውን ጥያቄ ቃል በቃል ተርጉሞ ማቅረብ ብቻ አይበቃም። እየራባት ከምግብ የምትከለከል ልጅ እንደ ሥርዓቱ የምትጾም ልትሆን ትችላለች፤ በጾም ስም የተሸፈነ ሕመም ያለባትም ልትሆን ትችላለች። ይህን ለመለየት ከሐኪሙ ጋራ ካህኑ ያስፈልጋል።

መለያውም ለካህናት አዲስ ነገር አይደለም። ጾም ሰዓትና ወራት አለው፤ በፋሲካም ይፈታል፤ ከማኅበር ጋራም ይጾማል። ሕመሙ ግን ፋሲካን አያውቅም፤ በግድፍ ቀንም ከማዕድ ያሸሻል፤ ብቻን ይወዳል፤ ይደብቃልም። ፍትሐ ነገሥትም በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ በሥጋ ሕመም የተያዘውን ከግዴታው ለይቶ ያየዋል። ስለዚህ የንስሐ አባት የመነመነችውን ልጅ፥ «ልጄ፥ ብዪ፤ ይህ ላንቺ ጾም አይደለም» ቢላት ሥርዓትን ማፍረስ ሳይሆን ነፍስን ማዳን ነው። ቃሉም ከሐኪም ቃል ይልቅ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው።

አሁን ነገሩን ወደ አንድ ቦታ እናምጣው። ከአርባ ምንጭ በስተ ምዕራብ ባለው በካምባ ተራራ የሚኖር አባት፥ እንሰቱ በጓሮው ቆሞ ሳለ ልጁ እህል እምቢ ብትለው ወዴት ይሂድ? መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወስዳት ይገባል፤ የሳምባ ነቀርሳ፥ የሆድ ትል፥ ወይም ሌላ የሥጋ ደዌ የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ይህ አስቀድሞ ይመርመር። ከዚህ በኋላ ግን ስለ አሳብዋ የሚጠይቃት ሰው ያስፈልጋል። አገራችን በዚህ በኩል ባዶ እጅዋን አይደለችም። አማኑኤል ሆስፒታል በአዲስ አበባ ለብዙ ዘመን የአእምሮ ሕሙማንን ሲያክም ኖሯል፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ተባብሮ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ አሠልጥኗል። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም የሕክምና ኮሌጅ አለው። የጎደለው ከካምባ ተራራ እስከነዚህ ቤቶች ድረስ ያለው መንገድ ነው።

ስለዚህ ሹማምንት ሦስት ነገር እንዲያስቡ እናሳስባለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የከሳን ልጅ ክንድ ሲለኩ «ለምን አትበዪም?» ብለው ያለ ቁጣ መጠየቅን ይማሩ። የሥነ ልቡና ባለሙያ በአርባ ምንጭ ተመድቦ በየወረዳው እየዞረ ይጎብኝ። ጥያቄውም በጋሞኛ ቋንቋና በአገሩ ልማድ ተስማምቶ ይዘጋጅ።

የአገር ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ለተቆጣው ወጣት ተንበርክከው ነገሩን ማብረዳቸው በአገሩ ሁሉ ተመስግኗል። በሎንዶን በሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረው የቤተ ሰብ ሕክምናም ወላጆች ልጃቸውን ሳይወቅሱ፥ ነገር ግን ሳይሰለቹ፥ በየማዕዱ አጠገብዋ ተቀምጠው እንዲመግቧት ያዛል። ይህ ትዕግሥት ለጋሞ ሽማግሌ የሚያስተምሩት አይደለም፤ በአደባባይ ያሳየውን በቤቱ ማዕድ ዙሪያ እንዲደግመው ብቻ ነው የሚለመነው።

ልጅቱን «ጥጋበኛ» ማለት ቀላል ነው፤ ዋጋ የለውም። «ምን ሆነሽ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ከሞት ሊመልሳት ይችላል።