ጠባብ ቤት ርካሽ ቤት አይደለም

አዲስ ቤት የገባ ሰው ዘንድ ስንሄድ «ቤት ለእንቦሳ» እንላለን፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይመልሳል። ምርቃቱ ላም የምትታሰርበት ግቢ ለነበረው ሰው የወጣ ነው። ገርጂ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስቱዲዮ የያዘ ወጣት እንቦሳዋን የት ጥግ እንደሚያስራት ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ይሁን እንጂ የዚያችው ስቱዲዮ ፈላጊ ብዙ ነው። ደላላውም ቤት ሠሪውም ይህን ፈላጊ የሚያዩት «አቅም ያነሰው» ብለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግምቱ ግማሹ ብቻ ልክ ነው የሚል ነው።

ጠባብ ቤት በአዲስ አበባ ክፉ ስም ያተረፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከፍ ያሉት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ከዚያ ወዲህ «ጠባብ» በተባለ ቁጥር በዓይነ ሕሊና የሚመጣው የቀበሌ ቤት፣ የጋራ መጸዳጃና ጥገና የናፈቀው የጭቃ ግድግዳ ነው። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የቤት ምዝገባም ስቱዲዮ ለዝቅተኛ ገቢ በታሰበው የ10/90 መርሐ ግብር ተመደበ። እንዲህ እንዲህ እያለ የቤት ስፋት የገቢ መታወቂያ ሆነ።

ገርጂ ግን ሌላ የምትመሰክረው አላት። ኮንዶሚኒየም ከተማውን ከማዳረሱ በፊት፣ በ1996 ዓ.ም. ግድም፣ ለሙከራ የተሠራው እዚሁ ቦሌ ገርጂ ነው፤ ደጋፊውም የጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጂቲዜድ ነበር። ከሙከራው በኋላ የተነደፈው መርሐ ግብር ስቱዲዮን እስከ 20 ካሬ ሜትር፣ ባለ አንድ መኝታን ከ20 እስከ 30፣ ባለ ሁለት መኝታን ከ30 እስከ 45 ካሬ ሜትር አደረገው። ዋጋው የተተመነውም ትልቁ ቤት ትንሹን እንዲደጉም ሆኖ ነው። የስቱዲዮው አንድ ካሬ ከባለ ሦስት መኝታው አንድ ካሬ ይረክስ ነበር። ነጻ ገበያ ግን እንዲህ ያለ ርኅራኄ አያውቅም። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ለትንሹም ለትልቁም ቤት ስለሚያስፈልጉ፣ የትንሹ ቤት ካሬ ይወደዳል እንጂ አይረክስም።

ባሕር ማዶ ያለውን ብናይ ደግሞ፣ በአሜሪካ በተለይ ከ2008 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ቀውስ ወዲህ በገዛ ፈቃዱ ትንሽ ቤት የሚመርጥ ሰው በርክቷል። እዚያ በሞዴልነት የሚያገለግለው የግንባታ ደንብ «ትንሽ ቤት» የሚለው ስፋቱ 37 ካሬ ሜትር ግድምና ከዚያ በታች የሆነውን ነው። በእኛ መርሐ ግብር መለኪያ ግን 37 ካሬ ባለ ሁለት መኝታ ነው!

ወደ ሒሳቡ እንግባ። ለስሌት እንዲያመቸን ካሬው 100,000 ብር ነው እንበል። 120 ካሬ ቤት 12 ሚሊዮን፣ 40 ካሬ ቤት 4 ሚሊዮን ብር ይወጣበታል። ልዩነቱ 8 ሚሊዮን ብር ነው። ነጋዴ ይህን ገንዘብ ሳሎኑ ውስጥ ሲያስተኛው፣ በዓመት ደጋግሞ ሊያገላብጠው የሚችለውን ዕቃ መተዉ ነው። «ብር ይቀልጣል፣ ቤት ግን አይቀልጥም» የሚል መልስ እንደሚመጣ ይታወቃል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የሆነውን ላየ ሰው መልሱ ውኃ ያነሣል። ታዲያ ለምን ሦስት ትንንሽ ቤቶች አይሆኑም? በአንዱ መኖር፣ ሁለቱን ማከራየት ይቻላል። ገንዘብ ሲያጥር አንዱን መሸጥ ይቻላል። ሳሎን ግን ተቆርጦ አይሸጥም።

እስከዚህ ድረስ ስሌቱ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ነገር የአበሻ ኑሮ በ20 ካሬ ውስጥ አለመወሰኑ ነው። በርበሬ መሰጣት አለበት፣ ለፋሲካ በግ መታረድ አለበት፣ ለቅሶ ሲደርስ ዕድሩ ድንኳን መጣል አለበት። ኮንዶሚኒየም ሲነደፍ ከሕንፃዎቹ ጎን የጋራ መገልገያ ቤት የተሠራው ይህን በማሰብ ነበር። ስለዚህ የስቱዲዮ ገዥ የሚገዛው ሁለት ነገር ነው፤ በውስጥ ያለውን 20 ካሬና በውጭ ያለውን ድርሻውን። የጋራው ቤት ለሱቅ ሲከራይ ወይም ግቢው በመኪና ሲሞላ ከእያንዳንዱ ትንሽ ቤት ላይ ካሬ እየተቀነሰ ነው። ባለ 120 ካሬው ብዙም አይሰማውም፤ ባለ 20 ካሬው ግን ግማሽ ቤቱን ያጣል። ጠባብ ቤትን የድሃ ቤት የሚያደርገው እንግዲህ ይህ ነው። ስፋቱ ብቻውን አያደርገውም።

ይህ የበጎ አድራጎት ስብከት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የኪራይ ጭማሪም አከራዩ እንዳሻው እንዳይሆን አድርጓል። ከእንግዲህ አከራይ በየስድስት ወሩ ዋጋ ሰቅሎ ማትረፍ አይችልም። የሚያተርፈው ቤቱ ሳይቦዝንና ተከራዩ ሳይለቅ ሲቆይ ነው። ተከራይ ደግሞ በትንሽ ቤት የሚቆየው ልብስ የሚያሰጣበት፣ ልጁን የሚያጫውትበት፣ እንግዳውን የሚያስተናግድበት የጋራ ቦታ ሲኖር ነው።

እንግዲህ ለቤት ሠሪው፦ ትንሽ ቤት ሥራ፣ ገበያ አታጣም፤ የምድር ቤቱን ሁሉ ለሱቅ ከመሸጥህ በፊት ግን አንድ አዳራሽ ለነዋሪው አስቀር። ለደላላው፦ «ስቱዲዮ ነው» ብለህ ድምፅህን ዝቅ አታድርግ፤ ግቢውን ጭምር አሳይ። ለገዥው፦ የክፍሉን ስፋት ለክተህ ስትጨርስ የጋራው ቦታ በማን እጅ እንዳለና ምን እየተሠራበት እንደሆነ የነዋሪዎቹን ማኅበር ጠይቅ። አጥጋቢ መልስ ካላገኘህ ቤቱ ከተነገረህ ካሬ ያነሰ ነውና ዋጋውን በዚያው ልክ ቀንስ።