ትጋት ሌላ፥ ጭካኔ ሌላ

የማስታወቂያ ሥራ የመልካም ቃል ሥራ ነው። ቃል መርጦ፥ ሥዕል አሳምሮ ገበያተኛውን ይጠራል። ይሁን እንጂ ለደንበኛው ማር የሆነው አንደበት ወደ ራሱ ሠራተኛ ሲመለስ እሬት የሚሆንበት ቤት ጥቂት አይደለም። ላዩ አምሮ ውስጡን ለቄስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን ዴንትሱ የተባለው ታላቁ የጃፓን የማስታወቂያ ኩባንያ ነው። በ1951 ዓ.ም. (የጃፓኑ ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ፕሬዚዳንቱ ሂዴዎ ዮሺዳ ለሠራተኞች ዐሥር ደንቦች አወጡ። ከእነዚህም አንዱ፥ የያዙትን ሥራ ቢገደሉ እንኳ እንዳይለቁ የሚያዝ ነበር። ደንቡም በሠራተኞች የማስታወሻ ደብተር እየታተመ ብዙ ዘመን ኖረ።

በ1991 ዓ.ም. አንድ የ24 ዓመት ወጣት ከሥራ ብዛት የተነሣ ራሱን አጠፋ። በ2000 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያውን ኀላፊ አደረገው። ከዚህ በኋላ ቤቱ ይታረማል ብሎ ያልጠበቀ ማን ነው? ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በዚያው ዓመት የተቀጠረች፥ ዕድሜዋም እንዲሁ 24 የሆነ ወጣት ራሷን አጠፋች። የሥራ ጉዳይ ሹማምንት ቢመረምሩ፥ በአንድ ወር ውስጥ 105 ሰዓት ያህል ትርፍ ሥራ መሥራቷ ተረጋገጠ። በመዝገቡ ላይ ግን የኦክቶበሩ 69.9፥ የኖቬምበሩ 69.5 ሰዓት ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የተፈቀደው ወሰን 70 ነበርና።

እነዚህን ቁጥሮች አንባቢ ልብ ብሎ ይመልከታቸው። ሕጉ በወረቀት ላይ ተከብሮ በሰው ላይ ፈረሰ።

«ጃፓን የበለጸገችው በትጋት ነው፤ ሥራ ሰው አይገድልም» የሚል ይኖር ይሆናል። ትጋትንስ የሚነቅፍ የለም። ትጋት ሰው ሥራውን ከመውደዱ የሚወለድ ነው፤ ይህኛው ግን የፍርሃት ልጅ ነው። እምቢ ለማለት የማይችል ሰው ቢያመሽ ተገደደ እንጂ ተጋ አይባልም። ቀኑን በስብሰባና በቁጣ አባክኖ ሌሊቱን ከበታቾቹ የሚወስድ አለቃም፥ ብርቱ መባሉ ቀርቶ የሰው ዕድሜ ዘራፊ ሊባል ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው የጽሕፈት ቤቱ መብራት ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ እንዲጠፋ አዘዘ፤ ዐሥሩንም ደንቦች ከደብተሩ አወጣ። በ2017 ዓ.ም. የቶኪዮ ፍርድ ቤት 500,000 የን ቀጣው፤ ይህም ለእንዲህ ያለ ቤት ከኪሱ ሽራፊ ነው። መብራት ማጥፋቱም ብቻውን ፈውስ አይሆንም። ሥራው ሳይቀነስ መብራቱ ቢጠፋ፥ ሠራተኛው ሸክሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በእኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፥ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል። ወሰኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን የጃፓኑም ወሰን ተጽፎ ነበር። ስለዚህ ተቆጣጣሪ ሹም መዝገቡን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ ሠራተኛውን አለቃው በሌለበት ይጠይቀው። መምህርም ለተማሪው ትጋትን ሲያስተምር፥ ያለ ፍርሃት «ይህ ከዐቅሜ በላይ ነው» ማለትን ጨምሮ ያስተምረው። አለቃም በሸጠው ሸቀጥ ብዛት ብቻ አይመስገን፤ ከእርሱ በታች ያሉት ሰዎች በጤና ወደ ቤታቸው መግባታቸውም ይቈጠር።