መልእክተኛው ማኅተሙን አይያዝ፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማን ከቡድን መልእክት መተግበሪያ ጋር ስለ ማገናኘት

አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ጥናቱን ጨርሶ፣ በፈታኞች ፊት አቅርቦ፣ የታዘዘውን እርማት ካስገባ በኋላ የሚቀረው ነገር ፊርማ ነው። የአማካሪው፣ የውስጥና የውጭ ፈታኞቹ፣ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊና የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቱ ስም በአንድ የማጽደቂያ ገጽ ላይ ተደርድሮ ይጠብቃል። አማካሪው ለመስክ ሥራ ከከተማ ሲወጣ፣ የውጭ ፈታኙ ወደ መጣበት ዩኒቨርሲቲ ሲመለስ፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሲሆን ገጹ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። የምርምር ሥራው ያለቀለት ተማሪ በፊርማ መጓደል ብቻ ስሙ በሴኔት ፊት ከሚቀርበው የተመራቂዎች ዝርዝር ሊወጣ ይችላል።

ይህን ክፍተት በአገራችን የትምህርት ክፍሎች በስፋት የሞላው ቴሌግራም ነው። ረቂቁ በቴሌግራም ይላካል፤ እርማቱ በቴሌግራም ይመለሳል፤ በመጨረሻም የማጽደቂያው ገጽ ፎቶ ተነሥቶ፣ የፊርማ ምስል ተለጥፎበት በዚያው መንገድ ይመጣል። ከዚህ በኋላ የሚነሳው ሐሳብ የማይቀር ነው። መግባባቱ በመልእክት መተግበሪያ የሚፈጸም ከሆነ ፊርማውስ ለምን በዚያው አይፈጸም? ቴክኖሎጂው አለ። እንደ ስላክና ማይክሮሶፍት ቲምስ ያሉ የቡድን መልእክት መተግበሪያዎች እንደ ዶኪውሳይን ካሉ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አገልግሎቶች ጋር ይገናኛሉ፤ ቴሌግራምም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ቦት ለሚሠሩ ባለሙያዎች በሩን ከፍቷል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሁለቱን ማገናኘት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የመልእክት መተግበሪያው መልእክተኛ እንጂ ማኅተም ያዥ መሆን የለበትም የሚል ነው። ማስታወሱንና ማድረሱን መተግበሪያው ይሥራ፤ መፈረሙ ግን በራሱ ቤት ይፈጸም።

መልእክተኛና ማኅተም

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ የጽሕፈት ባህል እንግዳ አይደለም። የአፄ ምኒልክ ደብዳቤዎች በራስጌያቸው የሞዓ አንበሳ ማኅተም ነበረባቸው። ማኅተሙን የሚጠብቀው ጸሐፌ ትእዛዙ ሲሆን ደብዳቤውን ይዞ የሚጓዘው ሌላ ሰው ነበር። መልእክተኛው ምንም ያህል ታማኝና ፈጣን ቢሆን ማኅተሙ በእጁ አይሰጠውም። የደብዳቤው ኃይል ከማኅተሙ እንጂ ከአድራሹ አይመነጭምና።

ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ሐሳቡን ያቀረቡት ዲጂታል ፊርማም በዚሁ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ከሰነዱ በስሌት አጭር አሻራ ይወጣል፤ ይህም አሻራ በፈራሚው የግል ምሥጢራዊ ቁልፍ ይታተማል። ከዚያ በኋላ በሰነዱ ውስጥ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ፊርማው ሲመረመር አይገጥምም። ሰነዱ በኢሜይል ቢላክ፣ በፍላሽ ቢቀዳ፣ በቴሌግራም ቢተላለፍ ማረጋገጫው ከሰነዱ ጋር ይጓዛል። ስለዚህ ፊርማው «ማን ፈረመ?» እና «ምን ፈረመ?» ለሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ተላላፊውን መንገድ ሳይጠይቅ መልስ ይሰጣል።

የመልእክት መተግበሪያ ግን ሁለቱንም አጥጋቢ በሆነ መንገድ አይመልስም። የቴሌግራም መለያ የተመሠረተው በስልክ ቁጥር ላይ ነው፤ ስልኩ በእጁ ያለ ሰው በባለቤቱ ስም ይጽፋል። የተላከ መልእክት ሊታረም ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮም በሁለት ሰዎች የግል ውይይት ውስጥ አንደኛው ወገን የሌላኛውን መልእክት ጭምር ከሁለቱም ስልክ መሰረዝ ይችላል። «ምን ፈረመ?» የሚለው ደግሞ ይብሳል። በአንድ ውይይት ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የተስተካከለ የመጨረሻ» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የተባሉ ሦስት ፋይሎች ተደርድረው ሳለ አማካሪው ከታች «ጥሩ ነው፤ ይለፍ» ብሎ ቢጽፍ የጸደቀው የትኛው ነው? ከሁለት ዓመት በኋላ ስለ ጥናቱ መረጃ ክርክር ቢነሳ ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ የሚችል አይኖርም።

የተልባው ውል

ለዚህ ስጋት ማስረጃ የሚሆን ጉዳይ በካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ተከሥቷል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 አንድ የእህል ገዢ ድርጅት የ87 ቶን ተልባ ውል አዘጋጅቶ የውሉን ፎቶ ለአንድ ገበሬ በስልክ መልእክት ላከና እንዲያረጋግጥለት ጠየቀ። ገበሬው የመለሰው ወደ ላይ የቀና የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ነበር። ተልባው በቀኑ ሳይደርስ ቀረ፤ ዋጋውም በዚያ መካከል ጨመረ። ገበሬው ምልክቱ «ደርሶኛል» ማለት እንጂ «ተስማምቻለሁ» ማለት አይደለም ሲል ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023፣ ወገኖቹ ከዚያ በፊት በአጫጭር መልእክቶች ውል ይዋዋሉ እንደነበር አይቶ፣ ምልክቱን እንደ ፊርማ ቆጠረውና ገበሬው ከ82,000 የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፍል ፈረደ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ፍርዱን አጸና።

ይህን ፍርድ ይዞ «እንግዲያው ኢሞጂም ፊርማ ነው» የሚል ይኖራል። ከጉዳዩ የሚወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። አንዲት ምልክት ምን ማለት እንደሆነች ለመወሰን ሁለት ፍርድ ቤቶችና ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ አስፈልጓል። የስኮላርሺፕ ማመልከቻው ቀን የሚያልፍበት ተመራቂ ይህን ያህል ጊዜ የለውም። በሌላ በኩል በትምህርት ክፍሎች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የአውራ ጣት ምልክት ከአክብሮት የሚሰጥ የ«አይቻለሁ» መልስ ነው። ሥርዓቱ ይህን ምልክት ወደ ማጽደቂያ ከለወጠው ሳይፈርም የፈረመ መምህርና ሳይጸድቅ የጸደቀ ጥናት መፈጠራቸው አይቀርም።

ግንኙነቱ እንዴት ይሁን?

በግንኙነቱ ውስጥ ሁለት አቅጣጫዎች አሉ። የመጀመሪያው ከፊርማው አገልግሎት ወደ መልእክት መተግበሪያው የሚሄደው ነው። ሰነድ ለፊርማ ሲቀርብ፣ ሲፈረም ወይም ሲመለስ የፊርማው አገልግሎት ዌብሁክ በሚባለው መንገድ ለሌላው ሥርዓት በራሱ ያስታውቃል፤ ቦቱም ማስታወቂያውን ወደ ሚመለከተው ሰው ያደርሳል። ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው፤ ጥቅሙም ፍጥነት ብቻ አይደለም። ዛሬ «ፋይሉ የት ደረሰ?» የሚለውን ጥያቄ ይዞ በየቢሮው የሚዞረው ተማሪው ነው። አማካሪውን ደጋግሞ መጠየቅ ለተማሪው ድፍረት መስሎ ይታየዋል፤ ዝም ማለትም ጊዜውን ይበላዋል። ማስታወሱን ሥርዓቱ ሲወስደው ተማሪው ከልመና ይድናል፤ መምህሩም በሥራ ብዛት የረሳው ነገር በጊዜው ይደርሰዋል።

ይህ ማስታወቂያ ግን ጥንቃቄ ይሻል። ማንኛውም ሰው ወደ ቦቱ አድራሻ «ተፈርሟል» የሚል የሐሰት መልእክት መላክ እንዳይችል እያንዳንዱ ማስታወቂያ ላኪና ተቀባይ ብቻ በሚያውቁት ምሥጢር ተመርምሮ መግባት አለበት። ስላክ ለምሳሌ ከራሱ የሚመጡ ጥያቄዎች በዚህ ዓይነት ምሥጢር እንዲመረመሩና ከ5 ደቂቃ በላይ ያለፋቸው እንዳይስተናገዱ ይመክራል፤ ምክንያቱም የቆየ እውነተኛ መልእክት ተጠልፎ እንደገና ሊላክ ይችላል። የመልእክቱም ይዘት አጭር ይሁን፤ የመዝገብ ቁጥሩ፣ የሚጠበቀው ተግባርና የመጨረሻው ቀን ይበቃሉ። ሰነዱ ራሱ፣ የፈታኞች ውጤት ወይም የጥናቱ ተሳታፊዎች የፈቃድ ቅጽ ወደ ውይይቱ መግባት የለባቸውም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ በኋላ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይችልም። ማስታወሻውም ለግለሰቡ እንጂ ለቡድኑ አይላክ፤ የአንድን መምህር መዘግየት በባልደረቦቹ ፊት ማሳየት ፊርማውን ከማፋጠን ይልቅ ቅሬታን ይወልዳል።

ሁለተኛው አቅጣጫ ከመልእክት መተግበሪያው ወደ ፊርማው አገልግሎት የሚሄደው ነው፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። በውይይቱ ውስጥ «አጽድቅ» የሚል አዝራር ማስቀመጥ ቀላል ነው። ነገር ግን ስላክ አዝራር ሲጫን ተቀባዩ ፕሮግራም በ3 ሴኮንድ ውስጥ መቀበሉን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራም ጸሐፊዎች መጀመሪያ «ደርሶኛል» ብለው ይመልሱና ዋናውን ሥራ ኋላ ይሠራሉ። ጥንቃቄ የጎደለው ንድፍ በዚያች ቅጽበት የ«ጸድቋል» ምልክት ካሳየ፣ የፊርማው አገልግሎት ገና ምንም ሳይፈጽም፣ ምናልባትም ኋላ ሳይሳካ ሲቀር፣ ሁሉም ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። ስለዚህ አዝራሩ «ሰነዱን ክፈት» ይሁን። ፈራሚው ወደ ፊርማው አገልግሎት ገብቶ፣ ማንነቱን አረጋግጦ፣ የሚፈርምበትን ቅጂ ፊት ለፊት አይቶ ይፈርም። በውይይቱ ውስጥ «ተፈርሟል» የሚለው ቃል የሚታየውም ከፊርማው አገልግሎት የመጣው ማስታወቂያ ሲረጋገጥ ብቻ መሆን ይኖርበታል።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ ለእያንዳንዱ መምህር የዲጂታል ሰርተፊኬት ማዳረስ አስቸጋሪ ነው የሚል ነው። እውነት አለው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለፊርማው ሕጋዊ መሠረት ጥሏል፤ የሥርወ ሰርተፊኬት ባለሥልጣንነቱንም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ሰጥቷል። ሕግ መውጣቱ ግን በየትምህርት ክፍሉ አሠራሩ ተዘርግቷል ማለት አይደለም። መፍትሔው ሁሉንም ሰነድ በአንድ ሚዛን አለመመዘን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 910/2014 የኤሌክትሮኒክ ፊርማን በሦስት ደረጃ ከፍሎ ከፍተኛውን ደረጃ ብቻ ከእጅ ፊርማ ጋር እኩል እንዳደረገው ሁሉ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም የየሰነዱን ክብደት መለየት ይችላሉ። ለስብሰባ ቀጠሮ በውይይቱ ውስጥ የሚሰጥ መልስ ይበቃል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ማጽደቂያ፣ ለምርምር ገንዘብ ወጪና ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ግን በሰርተፊኬት የተደገፈ ፊርማ ያስፈልጋል፤ እርሱ እስኪዳረስም በቀለም የተፈረመ ገጽ ከተለጠፈ ምስል ይሻላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከውይይቱ ወጥቶ ሌላ ገጽ መክፈት ሥራን ያበዛል የሚል ነው። የሚጨምረው ድካም ግን ጥቂት ነው፤ እርሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ፈራሚ ፊርማውን የሚያኖረው «ይህን አይቻለሁ» ለማለት ነውና ሰነዱን መክፈት ከፊርማው ትርጉም ተነጥሎ የሚታይ ሸክም አይደለም።

ሦስተኛው፣ ሁሉም ሰው ቴሌግራምን ስለሚጠቀም ሌላ ሥርዓት አያስፈልግም የሚል ነው። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ቴሌግራም በኢትዮጵያ ለወራት ተገድበው እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን መከራከሪያ በቀላሉ አይቀበልም። ፊርማው በራሱ ሥርዓት ውስጥ ከተቀመጠ መተግበሪያው ሲዘጋ ማስታወሻው በኢሜይል ወይም በአጭር የስልክ መልእክት ይተካል፤ የተፈረመው ሰነድ ግን ባለበት ይኖራል። ማጽደቁ በውይይቱ ውስጥ ከሆነ ግን መልእክቱ ሲቋረጥ ማስረጃውም አብሮ ይቋረጣል።

ከዚህ በመነሳት የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች ማንኛውንም መተግበሪያ ከመግዛታቸው ወይም ቦት ከማሠራታቸው በፊት አንድ ገጽ የማይሞላ መመሪያ ቢያወጡ ይበጃል። መመሪያው የትኛው ሰነድ የትኛውን የፊርማ ደረጃ እንደሚጠይቅ፣ የተፈረመው ቅጂ በየትኛው መዝገብ እንደሚቀመጥና በመልእክት ውይይት ውስጥ የሚሰጥ ምልክት ወይም ቃል በራሱ እንደ ማጽደቂያ እንደማይቆጠር በግልጽ ይወስን። ይህ ከተወሰነ ቀሪው የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራ ነው። ካልተወሰነ ግን የአንድ ተማሪ የዓመታት ልፋት ሕጋዊነት በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ባለ፣ ዛሬ ታይቶ ነገ ሊሰረዝ በሚችል መስመር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል።